እምቅ ሀብታችን እምቅ ሆኖ ይኑርልን

ቱሪስት ይጎድለን ይሆናል እንጂ ቱሪዝም ጎድሎን አያውቅም። ባነር አለን፣ ቲሸርትና ኮፍያ አለን፣ ፓናል አለን፤ አበሉም፣ ተመስገን፣ በሰዓቱ ይገባል።

የዓለም ቱሪዝም ቀን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 27 ነው። በእኛ ብዙውን ጊዜ መስከረም 17፣ ማለትም መስቀል ላይ ያርፋል። ዩኔስኮ በ2006 ዓ.ም. የመዘገበውን በዓል ለማየት ጎብኚው በገዛ ገንዘቡ ደመራው ድረስ የሚመጣበት ሰሞን መሆኑ ነው። እንዲህ ያለው ግርግር ግን ለስብሰባ አይመችም። ስለዚህ የእኛን ቀን ገፋ አድርገን፣ እንግዳው ሁሉ አገሩ ከገባ በኋላ፣ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ተረጋግተን እናከብረዋለን።

ንግግሩን ማንም በቃሉ ይዞታል። ከድንቅነሽ ይነሳል፣ በአክሱም ያልፋል፣ ላሊበላ ሲደርስ ድምፁ ይርዳል፣ ፋሲል ግንብን ተሳልሞ ሐረር ጅብ ያበላል። «እምቅ ሀብታችን» ሲባል አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋል፤ ሐውልቱን ትናንት ማታ ያቆሙት እነሱ ይመስላሉ። ላሊበላ አናት ላይ «ጊዜያዊ» ተብሎ ተተክሎ ከአሥር ዓመት በላይ የቆየውን የብረት መጠለያ የሚያነሳ ሰው የለም። ጊዜያዊ ነዋ! በጦርነቱ ምክንያት እንግዳ አጥቶ መታወቂያውን መሳቢያ ውስጥ የቆለፈው የላሊበላ አስጎብኚም አይነሳም። እሱ «ወቅታዊ ሁኔታ» በምትባል አንዲት ሐረግ ተጠቅልሎ ከሻይ ዕረፍቱ በፊት ይታለፋል።

በንጉሡ ዘመን አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወር ጸጋ» ብለው ለዓለም ፀሐይ ቸበቸቡ። ነሐሴ ላይ የመጣው ፈረንጅ ከሰማዩ ጋር ምን እንደተባባለ እንጃ። ሰውዬው ግን ፖስተር አሳተሙ፣ ከቀረጥ ነፃ ሱቅ ከፈቱ፣ ሠሩ። እኛ ሥራውን ትተን መፈክሩን ወረስን፤ እሱንም በ2008 ዓ.ም. በ«ምድረ ቀደምት» ቀየርነው። መሥሪያ ቤቱስ? አንዴ ኮሚሽን ሆነ፣ አንዴ ከባህል ጋር ተጋባ፣ በ2014 ዓ.ም. ተፋታ። ዘርፉ ለታፔላ ጸሐፊ እንጀራ አይሆንም የሚል ካለ እኔ ጋ ይምጣ።

ሎጅ አልተሠራም አልልም፤ ጎርጎራንም ወንጪንም አይተናል፣ ያምራሉ። የአገር ውስጥ ቱሪዝም ይስፋፋ የተባለለት መምህርም የአንድ ሌሊቱን ዋጋ ጠይቆ፣ ከደመወዙ ጋር አስተያይቶ፣ በቴሌቪዥን ጎብኝቷቸዋል። ከመካከላችን በወጉ የጎበኘች ድንቅነሽ ናት፤ ስድስት ዓመት ያህል አሜሪካ ሰንብታ በ2005 ዓ.ም. ተመለሰች። ለእሷም ቪዛ የተገኘው ከሦስት ሚሊዮን ዓመት በላይ ከጠበቀች በኋላ ነው።

ከሰዓት በኋላ፣ ግማሹ ሰው ሲያንጎላጅ፣ ከኋላ ወንበር አንድ ሽማግሌ ሹፌር እጁን ማውጣቱ አይቀርም። «ይቅርታ ክቡራን፣ እኔ እንግዳ ይዤ ረጅም መንገድ ነው የምነዳው። እመቤቶቹ ‹መጸዳጃ የት ነው?› ሲሉኝ ቁጥቋጦ ነው የማሳያቸው። አሁን አሁንማ ቁጥቋጦውም ተመናምኗል።» ሰብሳቢው በትሕትና ያመሰግኑታል፤ «አባታችን፣ በጣም ገንቢ አስተያየት ነው፣ ተይዟል» ይሉታል። በእርግጥም ይያዛል። በአቋም መግለጫው ተራ ቁጥር ዘጠኝ ላይ «የመጸዳጃ አገልግሎትን በተመለከተ ከባለድርሻ አካላት የተውጣጣ ቡድን ወደ አውሮፓ ተጉዞ ልምድ እንዲቀስም» ይላል። የተቃወመ የለም፤ ሹፌሩ ብቻ በቡድኑ ውስጥ ስሙ ይኖር እንደሆነ ጠይቆ ነበር።