ኪራዩን ከፈልን፣ ገበያው የት አለ?

የበዓል ባዛር ለከተማው ሰው መዝናኛ ነው፤ ለእኛ የዓመት እንጀራ ነው። እኛ ስል ባልትና የሚያዘጋጁትን፣ ሸማ የሚሸምኑትን፣ የቆዳ ቦርሳ የሚሰፉትን፣ ማርና ቅቤ ከገጠር የሚያመጡትን ማለቴ ነው። እንቁጣጣሽ፣ ገና ወይም ፋሲካ ሲቃረብ «ቦታ ሊያልቅ ነው፣ ቀድማችሁ ክፈሉ» ይሉናል፤ እንከፍላለን። የዕቁብ ብር ይገባበታል፣ ለልጅ ትምህርት ቤት የተቀመጠውም ይገባበታል። ቡዙ 3 በ 3 ነው፤ ዋጋው በካሬ ተሰልቶ 15 በመቶ ቫት ይጨመርበታል። ትልቁ አስመጪ የከፈለውን ቫት ከራሱ ሽያጭ ላይ ያቀናንሰዋል፤ ለቫት ያልተመዘገበ ትንሽ ነጋዴ ግን ወጪ አድርጎ ይውጠዋል።

ከዚያ የመክፈቻው ቀን ይደርሳል፣ ድንኳኑ ግን አልተተከለም። አንዴ ፈቃዱ አላለቀም ይሉናል፣ አንዴ የመብራት መስመሩ አልተዘረጋም። «ነገ ጠዋት» እየተባለ ቀን ይሄዳል። ይህ መዘግየት እንደ ቀላል ነገር ሲታይ በጣም ያናድደኛል። የበዓል ገበያ እኮ ሰው ደመወዝ ከተቀበለበት ቀን አንስቶ እስከ ዋዜማው ያሉት ጥቂት ቀናት ናቸው። በርበሬ ደግሞ ከዶሮውም ቀድሞ የሚገዛ ነው፤ በዋዜማው ማታ በርበሬ ፍለጋ የሚወጣ ሰው የለም። ከእነዚያ ቀናት ሁለቱ ከባከኑ በኋላ ባዛሩን ከበዓሉ ወዲያ ቢያራዝሙት ምን ይፈይዳል? ሰው ብሩን ጨርሷል።

የፋሲካው ይብሳል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ባዛሩ በጾሙ አጋማሽ ይከፈትና አይብ ሻጯ ባዶ ቡዝ እየጠበቀች ኪራይ ይቆጥርባታል። ገዢዋ የሚመጣው በመጨረሻዎቹ ቀናት ነው፤ በእነዚያ ቀናት መብራት ሲጠፋ «ጀነሬተር አለን» ብለው የነበሩት ሰዎች ነዳጅ ፍለጋ ይሯሯጣሉ። አይብ እስኪመለሱ አይጠብቅም። የእንቁጣጣሹ ደግሞ በጳጉሜን ዝናብ ነው፤ ሸራው ያፈሳል፣ ወለሉ ጭቃ ነው። እርጥበት የገባበት ሽሮ ይጓጉላል፣ ውሎ ሲያድር ይሻግታል። ስንት ቀን ተለቅሞ፣ ታጥቦ፣ ተቆልቶ የተፈጨ እህል በአንድ ሌሊት ዝናብ ሲበላሽ የሚጠየቅ የለም።

ምደባውም ያንገበግባል። በአንዱ ባዛር የእኔን በርበሬ ከነጭ ሸማ ሻጭ ጎን አደረጉት። የበርበሬ ብናኝ ነጠላ ላይ ካረፈ ነጠላው አለቀለት። ሴትዮዋ ጨዋ ናት፤ «እህቴ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ ግን ገዢ እያስነጠሰው እየሄደብኝ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው። እቃዬን በላስቲክ ሸፍኜ ዋልኩ። የተሸፈነ በርበሬ ደግሞ አይሸጥም፤ ገዢ የሚመርጠው ቀለሙን አይቶ፣ ሽታውን አሽትቶ ነው። ለአስተባባሪው ብንነግረው «ካርታው ታትሟል፣ አይቀየርም» አለን። ያን ካርታ ሲሠራ ማን ምን እንደሚሸጥ የጠየቀ ሰው እንዳልነበረ ግልጽ ነው። በሩ አጠገብ ያሉት ቦታዎች ብዙ ለከፈሉት ለምንጣፍና ለኤሌክትሮኒክስ ሻጮች ተሰጥተዋል፤ እኛ ከሽንት ቤቱ ወዲህ ባለው ጥግ ነን። ምግብ ይዘን።

ከሰዓት በኋላ ስፒከሩ ይከፈታል። ገዢዋ «ኪሎው ስንት ነው?» ስትለኝ በጣቴ ነው የምመልሰው። ሲመሽ ዘፋኝ ይመጣል፣ ግቢው ይሞላል፤ የሞላው ግን ቲኬት ቆርጦ መድረክ ሊያይ የመጣ ወጣት ነው፣ ሽሮ ሊገዛ አልመጣም። በማግስቱ አዘጋጆቹ ይህን ያህል ሺህ ሕዝብ ጎበኘን ብለው በሬዲዮ ይናገራሉ። በባዶ እጁ የወጣውን ማን ቆጠረው?

ብዙ ጊዜ ሳሰላስለው የችግሩ ሥር አንድ ቦታ ነው። አዘጋጁ ቦታውን ተከራይቶ ይሸነሽንና ለእኛ መልሶ ያከራያል። የሚኖረው በቡዝ ኪራይ፣ በስፖንሰርና በመግቢያ ቲኬት ነው። እኛ ሸጥን አልሸጥን የእሱ ኪስ አይነካም፤ የመጀመሪያው ገዢ በሩን ሳያልፍ የቡዙን ገንዘብ ቆጥሮ ጨርሷል። ስለዚህ ሸራው ቢያፈስም፣ መብራቱ ቢጠፋም የሚከስረው እኛ ብቻ ነን። ለሚቀጥለው በዓል ደግሞ ያልከሰረ አዲስ ነጋዴ አያጣም።

ቡዝ የመከራየት አቅም የሌላትማ ብሶቷ ሌላ ነው። መስቀል በ2006፣ ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ ሲመዘገቡ ሁላችንም ደስ ብሎናል። በከተራ ዕለት ጃን ሜዳ ዙሪያ ሸንኮራ፣ ሎሚና ቆሎ የምትሸጠዋ እናት ግን መንገድ በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ የሚነግራት፣ «እዚህ ተቀመጪ» የሚላት አታገኝም። ጠዋት ከአንዱ ጥግ ያነሷታል፣ ቀትር ላይ ከሌላው። በዓሉ በየዓመቱ በታወቀ ቀን ነው የሚውለው፤ ለሻጮች ቦታ ለማመልከት ዓመት ሙሉ ጊዜ ነበር።

የምንጠይቀው የሚከብድ አይደለም። የመክፈቻው ቀን በውሉ ላይ ይጻፍ፤ ካለፈም ለእያንዳንዱ ቀን ከኪራያችን ይቀነስ። ግማሹን ስንገባ፣ ግማሹን ባዛሩ ሲዘጋ እንክፈል፤ ያኔ አዘጋጁም ዝናቡን እንደ እኛ ይፈራዋል። ዱቄትና ጨርቅ ይለያዩ። ምግብ ከሽንት ቤት ይራቅ። የፋሲካ ዋዜማ ደግሞ ዘፈኑ እስኪያልቅ መኪና አይገባም እያሉ ከነዕቃችን እስከ ሌሊት አያቆዩን፤ የእቃ መጫኛውን በር ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ይክፈቱልን፣ እኛም እንደ ሰው ቤታችን ገብተን ከልጆቻችን ጋር እንግደፍ።