የጆሮ አጋፋሪ

ከጆሮ ታምቡር በስተኋላ አየር የሞላባት ጠባብ እልፍኝ አለች፤ ከእርስዋም ተነሥታ ከአፍንጫ ጀርባ እስከ ጉሮሮ አናት የምትዘልቅ፣ በአዋቂ ሰው እንኳ 4 ሴንቲ ሜትር የማትሞላ ቀጭን ቦይ አለች፤ በ16ኛው መቶ ዘመን መርምሮ የጻፈላት በሮማ ያስተማረው ሐኪም ባርቶሎሜዮ ኤውስታኪ ስለ ሆነ እስከ ዛሬ በስሙ ትጠራለች። ተግባርዋም የውስጡን የአየር ግፊት ከውጭው ጋር አስተካክሎ ታምቡሩ ሳይወጠር በወጉ እንዲርገበገብ ማድረግ ነው።

ጠባይዋ ግን የግብር ቤት አጋፋሪ ጠባይ ነው። ዳገት ስንወጣ የውጭው አየር ስለሚሳሳ በእልፍኙ የቀረው በሩን ገፋ አድርጎ ይወጣል፤ አጋፋሪም የሚወጣውን እንግዳ ወዴት ትሄዳለህ አይልም። ቁልቁል ስንወርድ ግን የከበደው የውጭ አየር ሊገባ ደጅ ሲጠና፣ ባለቤቱ ምራቁን ካልዋጠ ወይም ካላዛጋ፣ የላንቃውም ጡንቻ በሩን ካልሳበ በቀር አጋፋሪው ፍንክች አይልም፤ ይባስ ብሎም የደጅ ጠኚው ግፊት በበረታ መጠን በሩ ይበልጥ ይጣበቃል።

በዚህ ረገድ አዲስ አበቤ ልዩ ዕጣ ደርሶታል። የቦሌ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ሲሆን፣ ድሪምላይነር የተባለው አውሮፕላን በሰማይ ሳለ የውስጡን አየር ከ1,800 ሜትር ከፍታ በማይበልጥ ልክ ይጠብቃልና፣ አውሮፕላኑ ወደ ላይ ሲያርግ የተሳፋሪው ጆሮ ወደ ታች ይወርዳል ማለት ነው። ይህን ምስጢር ለአንድ ወዳጄ ብገልጥለት፣ «እንግዲያስ የጆሮዬን ድርሻ ከቲኬቱ ላይ ይቀንሱልኝ» አለ።

የእኔ ጆሮ የተፈተነው ግን በዓባይ በረሃ ነው። አውቶቡሳችን ከጎሐ ጽዮን ደጋ ተነሥቶ ከ1,000 ሜትር በላይ ወደሚዘቀዝቀው ሸለቆ ሲንደረደር ጆሮዬ ድፍን አለ። አጠገቤ የተቀመጡት ወይዘሮ ራሳቸውን ለጋ ቅቤ ተቀብተው፣ የገብስ ቆሎ በመሐረብ ቋጥረው በጭናቸው ላይ አኑረዋል። እኔም አንቶኒዮ ቫልሳልቫ የተባለው የኢጣልያ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1704 ባሳተመው የጆሮ መጽሐፍ ያሰፈረው ዘዴ ትዝ ብሎኝ፣ አፌን ገጥሜ፣ አፍንጫዬን በሁለት ጣት ይዤ በቀስታ እፍ አልሁ። ወይዘሮዋ ዘወር ብለው አዩኝና አንድ ነገር ተናገሩ። ቃላቸው ባይለየኝም ለትልቅ ሰው መልስ መንሣት ነውር ነውና አንገቴን ደጋግሜ በትሕትና ነቀነቅሁ። ወዲያው የቆሎው መሐረብ ከእኔ በኩል ካለው ጭን ወደ ማዶኛው ተሻገረ። ከሊቁ ዘዴ ይልቅ የሚያዋጣኝ ያው ቆሎ ነበር፤ ማኘክ ምራቅን፣ ምራቅም መዋጥን ያመጣልና።

ድልድዩን ተሻግረን የደጀንን ዳገት ስንያያዘው ጆሮዬ ማንም ሳይለምነው ቀስ በቀስ ተፈታ፤ ደጀንና ጎሐ ጽዮን በከፍታ ስለሚቀራረቡ፣ ከወዲያ ማዶ ዘግቼ ያመጣሁት አየር ለወዲህኛው አቻ ሆኖ ተገኘ። መጀመሪያ የሰማሁትም ወይዘሮዋ ከኋላችን ለተቀመጡት ቄስ ሲነግሩ ነው፤ «‹ምነው ልጄ፣ ቅቤዬ ሸተተህ ወይ?› ብዬ ብጠይቀው እኮ፣ አባ፣ አዎን እያለ ራሱን ነቀነቀብኝ!»