የላንድክሩዘሩ ፀሐይ

አሮጌ ላንድክሩዘር የገዛ ሰው ቀጥሎ የሚያሳስበው የአገሩ ጨለማ ነው። ሶማሌ ተራ ይወርድና ኤች 4 ሃሎጅን የፊት አምፖሉን አስወልቆ፣ ካርቶኑ ላይ ፀሐይ የተሳለበት ኤልኢዲ ያስገጥማል። ሃሎጅኑ በአጭሩ መብራት 55፣ በረጅሙ 60 ዋት የሚበቃው ምስኪን ነበር። ጥፋቱ መንገዱን ብቻ ማብራቱ ነው፤ ባለመኪናውን ታዲያ ማን ይየው?

ከአምፖሉ ጀርባ ያለው አንጸባራቂ የተቀረጸው የሃሎጅኑ ክር በሚሊሜትር ተለክቶ ለሚቀመጥበት ቦታ ነው። አዲሱ አምፖል ከዚያ ቦታ ትንሽ ከሳተ ጨረሩ ወደ ላይ ይበተናል። የዛፉ ጫፍ፣ የሁለተኛው ፎቅ መጋረጃ፣ ከፊት የሚመጣው ሹፌር ዓይን፣ ሁሉም ወገግ ይላል። ለመንገዱም ከተረፈ ይደርሰዋል። ባለ 100 ዋት ሃሎጅን ያለ ሪሌ፣ በዚያው በቀጭኑ ሽቦ የሚያስገቡም አሉ፤ እነሱ እንኳ የሚያቃጥሉት የራሳቸውን ነው።

የደበዘዘውን ሽፋን ማስወልወል፣ የመብራቱን ከፍታ በብሎኑ ማስተካከልስ? እሱማ ርካሽ ነው፤ ለጎረቤት አይታይም።

የሚኒባሱ ረዳት በመስኮት ብቅ ብሎ «ኧረ ጋሼ፣ መብራት ይቀንሱልን!» ሲል ጋሼ ይቆጣሉ።

«ቀንሼ ነው እኮ!»

እውነታቸውን ነው፤ ረጅሙን ገና አላበሩትም።