ሰንጋ ተብላ የተሸጠች ላም

የመኪናን ጾታ ለማወቅ ኮፈን መክፈት አያስፈልግም፤ ባለቤቱ ሲያወራ ጆሮ መስጠት ይበቃል። ቪትስ አልነሳ ስትል «ዛሬ ደግሞ አኮረፈችኝ» ትባላለች፤ ላንድክሩዘር አልነሳ ሲል ግን «ባትሪው ደክሞ ነው» ይባላል። የአንዷ ጥፋት ጠባይ ነው፣ የሌላው ጥፋት ቴክኒክ ነው። አማርኛችን ትንሽንና የሚሳሱለትን ነገር በሴት መጥራት ይወዳል፤ ጎጆዋ፣ ድስቷ፣ ባጃጇ እንላለን። ነገሩ ገዝፎ የሚያስፈራ ሲሆን ወዲያው ወንድ ይሆንና ሲኖትራኩ፣ ሎቤዱ፣ ቪኤይቱ ይባላል። ስለዚህ መኪና ሻጭ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ግማሹን ሥራ ሰዋስው ጨርሶለታል። የቀረው ሥራ በተባዕታይ ጾታ ላይ ዋጋ መጨመር ብቻ ነው። እኔ የምጠራጠረው ይህን ዋጋ ነው። «የወንድ መኪና» እየተባለ በውድ የሚሸጠው ትልቁ የቤተሰብ መኪና ሥራው ሲታይ ወንድ ነው ወይ?

ይህን ለመመርመር ከጋምቤላ የተሻለ ቦታ የለም። አንደኛ፣ ከተማዋ ስትሞቅም ስትበርድም (ስትበርድ የሚለውን ለወጉ ያህል ነው) ላንድክሩዘር አታጣም። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ጦርነት ከፈነዳ ወዲህ ክልሉ ከሦስት መቶ ሺህ በላይ ስደተኞችን ያስጠለለ ሲሆን፣ ከስደተኛው ጋር የእርዳታ ድርጅቱ፣ ከድርጅቱ ጋር ደግሞ ረጅም አንቴና የተከለው ነጭ ላንድክሩዘር መጣ። ሁለተኛና ዋናው ምክንያት ግን ከብት ነው። በክልሉ በሚኖረው የኑዌር ሕዝብ የቆየ ባህል አንድ ወጣት ግንባሩ ተተልትሎ ለአቅመ አዳም መድረሱ ሲታወጅ ሰንጋ ይሰጠዋል። በሰንጋው ስም ይጠራል፣ ቀንዱን ያስጌጥለታል፣ ቃጭል ያስርለታል፣ ይዘፍንለታል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ላም ማለብ ነውር ይሆንበታል፤ ማለብ የሴቶችና ግንባራቸው ያልተተለተለ ልጆች ሥራ ነው። ኢቫንስ ፕሪቻርድ የተባለው እንግሊዛዊ በ1940 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ዘ ኑዌር» በተባለው መጽሐፉ ይህን በዝርዝር ጽፎታል። ሰንጋ ማለት ደግሞ የተኮላሸ መሆኑን ባላገር አይስተውም፤ የወንድነት ምልክት ሆኖ በአደባባይ የሚዞረው እንስሳ ወንድነቱን ቀደም ብሎ ያስረከበ ነው። የእኔም ሙግት ይኸው ነው። ቅንጡው የቤተሰብ መኪና ሲሸጥ ሰንጋ ነው፣ ሲሠራ ላም ናት። ወንዱ ይዘፍንለታል፣ ሴቷ ታልባታለች።

ማስረጃውን ከማስታወቂያው እንጀምር። ተራራ ጫፍ ላይ አንድ መኪና ቆሟል። ከጎኑ አንድ ፂማም ሰው አድማሱን ያያል። ሰባት ወንበር አለው፣ ተሳፋሪው ግን አንድ ነው፤ ስድስቱ የት እንደወረዱ አይነገርም። የፈሰሰ ጭማቂ፣ የተረገጠ ዳቦ፣ «ሽንቴ መጣ» የሚል ልጅ የለም። የዚህ ዘፈን ታሪክም ረጅም ነው። ክራይዝለር በኅዳር ወር 1983 እ.ኤ.አ. ሚኒቫን ብሎ የሠራት መኪና ወለሏ ዝቅ ያለ፣ በሯ ወደ ጎን የሚንሸራተት፣ ለሕፃንም ለአስቤዛም የተመቸች ነበረች፤ ኩባንያውንም ከውድቀት ካተረፉት ነገሮች አንዷ ሆነች። በደንብ ስለሠራች ግን ስሟ ጠፋ። «የእናቶች መኪና» ተባለችና አባወራው ከመሪዋ ኋላ መታየት አፈረ። ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብዙ ቤተሰብ ጎማው ወደ ገዘፈ፣ ወለሉ ወደ ራቀ፣ ልጅ ተሸክሞ ለማስገባት ወደሚያደክም መኪና ተዛወረ። በ1951 እ.ኤ.አ. ለጸጥታ ኃይል ታስቦ የተጀመረው ላንድክሩዘር ሳይቀር በ1996 ቆዳ ወንበር ለብሶ ሌክሰስ ኤልኤክስ 450 በሚል ስም ለከተሜ ቀረበ። ብዙዎቹ ቅንጡ መኪኖች አስፋልት ለቀው አያውቁም፤ ለጭቃ ተወልደው ከጭቃ የተኮላሹ ሰንጎች ናቸው። ከኋላ የሚቀመጠው ልጅ ግን ያው ነው፣ ወንበሩ ላይ የሚደፋውም ያው ወተት።

ለሴት ብለው የሠሩስ ጊዜ? ዶጅ በ1955 እ.ኤ.አ. «ላ ፋም» የተባለች ሮዝና ነጭ መኪና አወጣ። ከመኪናዋ ጋር ቦርሳ፣ የከንፈር ቀለም መያዣ፣ የዝናብ ካፖርትና ጃንጥላ በስጦታ ይሰጥ ነበር። ሞተሯ ላይ ለሴት ተብሎ የተለወጠ ነገር አልነበረም፤ መሐንዲሶቹ ሴት ዝናብ እንደምትጠላ ብቻ ያወቁ ይመስላል። በሁለት ዓመቷ ከገበያ ወጣች። ቮልቮ ግን በ2004 እ.ኤ.አ. ሥራውን ለሴቶች ቡድን ሰጥቶ የሙከራ መኪና በጄኔቭ አሳየ። ሴቶቹ ሮዝ ቀለም አላሰቡም። ያሰቡት ጠባብ ቦታ ላይ ለማቆም የሚያግዝ መሣሪያ፣ የዕቃ ማስቀመጫ፣ ከፍቶ መዝጋት የማያስፈልገው የነዳጅ መቅጃ ነበር። መኪናዋ ለሽያጭ አልቀረበችም፤ መኪና ለማቆም የሚያግዘው መሣሪያ ግን ዛሬ በየቅንጡው መኪና ላይ «ቴክኖሎጂ» ተብሎ ለወንዱ ይሸጣል። ሴት ስትጠይቀው ድክመት፣ ወንድ ሲገዛው ሥልጣኔ መሆኑ ነው።

የእኛም ደላላ ከዚህ አይሻልም። ይኸው ሰው ጠዋት መንገድ ላይ ከፊቱ ያለው መኪና ሲያዘግም «ሴት መሆን አለባት» ይላል። ከሰዓት በኋላ ያገለገለ መኪና ሲሸጥ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሴት የያዘቻት ናት» ይላል፤ ዋጋውም ከፍ ይላል። ሴት የያዘቻት ማለት ሰርቪሷ ያልተዛነፈ፣ ጎማዋ በድንጋይ ያልተገረፈ፣ ፍሬኗ በንዴት ያልተረገጠ ማለት መሆኑን ገዢም ሻጭም ያውቃል። እንግዲህ ሴት መሪ ላይ ሳለች ስድብ፣ ሸጣ ስትወርድ የዋስትና ወረቀት ትሆናለች። ይህ የአንድ ሰው ግብዝነት ቢሆን እናልፈው ነበር፤ ነገር ግን ገበያው ራሱ የሰጠው የምስክርነት ቃል ነው። ገንዘብ ሲቆጠር ማንም እንደ ቀልዱ አይከፍልም።

አሁን ወደ ጋምቤላ እንመለስ። ማስታወቂያው ለመኪና ወንድነት ሦስት መለኪያ አስቀምጧል፤ ከባድ መሸከም፣ መንገድ በሌለበት መሄድ፣ ርቀት አለመፍራት። ከኢታንግ እስከ ላሬ፣ ከአቦቦ እስከ ጎግ በእግሩ የሚሄደውን ሰው ብናይ ውኃውንም፣ እንጨቱንም፣ ዱቄቱንም በራሷ ላይ አስቀምጣ፣ አንገቷን ቀጥ አድርጋ፣ ያውም ልጅ ይዛ የምትጓዘው ሴት ናት። በማስታወቂያው መለኪያ ከሄድን በክልሉ ከሁሉ የሚልቀው ባለ አራት ጎማ ሁለት እግር አለው፣ ቀሚስም ይለብሳል። ላንድክሩዘሩም ቢሆን ቁም ነገሩ የሚታየው ክረምት ገብቶ ጥቁሩ መሬት ሲላቁጥ ነው። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ለወረዳዎች ሎንግቤዝ አምቡላንስ ሲያከፋፍል አንዱ ዋና ዓላማ ምጥ የያዛትን እናት ጤና ተቋም ማድረስ ነበር። በምድር ላይ ካሉት መኪኖች ሁሉ ወንዳወንድ ተብሎ የሚፎከርለት፣ ፊቱ የተኮሳተረ፣ ጎኑ የደነደነ መኪና ትልቁ ጀብዱ አዋላጅነት ሆነ። በስደተኛ ጣቢያዎቹም የሚያገለግለው ሕዝብ አብዛኛው ሴትና ሕፃን ነው። ወንድነቱ የት ቀረ ቢሉ ጋቢና ውስጥ ነው፤ ከፊት ማን ይቀመጣል፣ ከኋላ ማን ይጠቀጠቃል የሚለው ላይ። ጋቢናው የሰንጋው ነው፣ የኋላው የላሟ ነው።

እዚህ ላይ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚል ተከራካሪ መነሣቱ አይቀርም፤ ሁለት ቶን ተኩል የሚመዝን ብረት ጉልበት ይፈልጋል ይላል። ጉልበቱንስ መሪውን የሚያግዘው ዘይት ከተረከበው ቆየ። ማወቅን በተመለከተ ደግሞ የዓለም የመጀመሪያው ረጅም የመኪና ጉዞ የቤተሰብ ጉዞ ነበር። በነሐሴ 1888 እ.ኤ.አ. በርታ ቤንዝ ባሏን ሳታማክር ሁለት ወንዶች ልጆቿን አሳፍራ ከማንሃይም እናቷ ወዳሉበት ፎርትስሃይም ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነዳች። የነዳጅ ቱቦው ሲደፈን በባርኔጣ መርፌዋ ከፈተችው፤ ነዳጅ ሲያልቅ ከመድኃኒት ቤት ገዛች። ስትነሣ መኪናውን የሠራው ባል ቤቱ ተኝቶ ነበር። ይህ ሩቅ ነው ለሚል ደግሞ ካፒቴን አምሳለ ጓሉ በ2003 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆናለች። አውሮፕላን ከነመንገደኛው ደመና ላይ አውጥታ የምታወርድ ሴት ባለችበት አገር «ቪኤይት ለሴት ይከብዳል» ማለት የሚከብደው ለተናጋሪው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጠንከር ያለ ነው። ነጋዴው ምን አጠፋ? ሰው የፈለገውን ሸጠ፤ ደግሞም ትልቅ መኪና ለቤተሰብ ደኅንነት ይበጃል፣ ይላል። ግማሹን እቀበላለሁ። ጨው የሚሸጥ ሰው የገዢውን ምላስ አልፈጠረም። ሆኖም የሚኒቫን ታሪክ ምላስም እንደሚሠለጥን ያሳያል፤ ሥራዋ ሳይቀየር ከብልህ ግዢ ወደ ማፈሪያ የተለወጠች መኪና ጾታዋን ያገኘችው ከፋብሪካ ሳይሆን ከወሬ ነው። የደኅንነቱ ነገር ደግሞ የበለጠ ያስተዛዝባል። መኪኖች ሲፈተሹ ለአሥርት ዓመታት ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው አሻንጉሊት በመካከለኛ ወንድ ልክ የተሠራ ነበር፤ ለሴት የተባለውም የወንዱ አሻንጉሊት አጠር ተደርጎ ነው። የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት መሠረት ቀበቶ ያሠረች ሴት ፊት ለፊት በሚደርስ ግጭት ክፉኛ የመጎዳት ዕድሏ ከወንዱ በ73 በመቶ ይበልጣል። «ለቤተሰብዎ ደኅንነት» የሚለው ማስታወቂያ ቤተሰብ ሲል አባወራውን ብቻ ለክቷል ማለት ነው። የሚታለበውን እያለቡ የሚያልበውን መርሳት ይሉታል ይህን።

ሦስተኛው ተከራካሪ ደግሞ ይስቃል። ባጃጅ ለሚጋፋበት ከተማ ስለ ቅንጡ መኪና መጻፍ ላም ያልዋለበት ኩበት ለቀማ አይሆንም ወይ? እንዲያውም ቅንጦት ምን እንደሆነ የሚለየው እንዲህ ያለ ቦታ ነው። ጋምቤላ ከባሕር ወለል በላይ አምስት መቶ ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ አርባ ዲግሪ ይደርሳል። በቅንጡ መኪና ዋጋ ውስጥ የሚታሰበውን የወንበር ማሞቂያ እዚህ ፀሐይ በነፃ ትሰጣለች፣ ማጥፊያ ቁልፍ ግን የላትም። ጥቁሩ ቆዳ ወንበር ምጣድ ይሆናል፤ ጨርቅ ወንበር የክብር ዕቃ ይሆናል። በዚህ አየር አንድ ሰው ስለ መኪና የሚጠይቀው ጥያቄ ሁለት ብቻ ነው፤ ኤሲው ይሠራል ወይ? ክረምት ያልፋል ወይ? ሁለቱም ጥያቄዎች ጾታ የላቸውም። ሻጩ በሌላ ቦታ ያነባበረው ሁሉ እዚህ ሲደርስ ይቀልጥና ከሥሩ መኪናው ብቻ ይቀራል።

ጊዜውም ሰንጋውን እያገዘው አይደለም። መንግሥት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ አያገሣም፤ ድምፁን ሳያሰማ ይመጣል፣ ድምፁን ሳያሰማ ይሄዳል። ጉልበቱ ከበፊቱ ባያንስም ፉከራው ተወስዶበታል። አሁን አባወራው በምን ይለይ? ምናልባት በስክሪኑ ስፋት ይሆናል፤ ሻጭ የሚዘፍንለት ነገር አጥቶ አያውቅም።

ወደ ኑዌሩ ወጣት ልመለስና ላብቃ። እሱ ከከተሜው ገዢ የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ፤ ሰንጋውንና ላሙን አያምታታም። ሰንጋው ለዘፈን፣ ላሟ ለእራት መሆኗን ያውቃል። መቶ ላም ቢኖረው እንኳ ማለብ ስለማይፈቀድለት ወተቱን ከእናቱ፣ ከእህቱ ወይም ከሚስቱ እጅ ይጠብቃል፤ እየዘፈነም ቢሆን ይጠብቃል። የመኪና ገበያ ግን ሁለቱን ባንድ ቆዳ ሰፍቶ የዘፈኑንም የወተቱንም ሒሳብ ያስከፍላል። ገዢው የከፈለው ለቀንዱ ነው፤ ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርሰው፣ አስቤዛ የሚያመጣው፣ በሽተኛ የሚያነሣው ግን ጡቷ ነው። እንዲህ ሆኖ ቁልፉ በዘፋኙ ኪስ ከቀረ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረት ጎማ አወጣ ማለት ነው። ስለዚህ ባለ ላንድክሩዘር ሆይ፣ መዝፈኑን ማንም አልከለከለህም፤ ቃጭሉንም እሠርለት። እራት ሲደርስ ግን ቁልፉን ለምታልበው አቀብል።