ሳይሞት የተለቀሰለት ታብሌት

እዚህ አዊ፣ አዘና ላይ ታብሌት የያዘ ሰው፣ ተማሪም ይሁን መምህር ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ አንድ ቀን «ሞተ!» ብሎ መርዶ ይዞ ይመጣል። መልሴ አንድ ነው፤ ማን መርምሮት?

«አልበራም ካለ ምን ይመረመራል?» ስንት ደቂቃ ጠበቅከው? ባትሪው ጥርግ ብሎ ያለቀ ታብሌት ቻርጀር ስለተሰካበት ብቻ ወዲያው አይነሳም፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ጥቁር ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ሰክተህ ተወው። ካልሆነ ማብሪያውንና የድምፅ መቀነሻውን አንድ ላይ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ሰከንድ ተጭነህ ያዝ። ብዙ ጊዜ ስታክ አድርጎ ነው እንጂ አልሞተም።

«ቻርጅ አያደርግም።» ከታብሌቱ በፊት ገመዱን ክሰስ! በሌላ ገመድና በሌላ ቻርጀር ሞክር። ከዚያ መሰኪያውን ቀዳዳ እያበራህ እየው፤ የቦርሳ ብናኝና የጠመኔ ዱቄት ጠቅጥቆት ይሆናል። አጥፍተህ በደረቅ የእንጨት ስቴኪኒ ቀስ አድርገህ አውጣው። መርፌ ግን እንዳታስጠጋ። በትንሽ የስልክ ቻርጀር ሰክተህም «ሲውል አልሞላም» ብለህ አትማረር፤ ጉልበቱ ያን ያህል ነው። መብራት ሲጠፋ ንቀለው፤ ሲመጣም ትንሽ ቆይተህ መልሰው፤ መብራት እንደመጣ ኃይሉ ከፍና ዝቅ ይላል።

«ዋይፋዩ ይገባል፣ ግን አንድም ገጽ አይከፍትልኝም።» ታብሌትህ ስንተኛ ዓመተ ምሕረት ላይ ነው? ይህን ስጠይቅ የሚስቁ አሉ። አንድ ተማሪ «ተበላሸ» ብሎ የሰጠኝን ስከፍተው ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ተሞልቶ፣ ሰዓቱም ጠዋት 3:20 ይላል። ልጁ ትክክለኛውን ቀን ነው የሞላው፤ ማሽኑ የሚያስበው ግን በፈረንጅ ነው። እያንዳንዱ ድረ ገጽ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን የተጻፈበት የደኅንነት ምስክር ወረቀት አለው። ታብሌቱ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሲቀር ያ ወረቀት ገና ያልተሰጠ ይመስለዋል፤ ስለማያምነውም በሩን ይዘጋል። ሴቲንግ ግባና ቀንና ሰዓቱን አውቶማቲክ አድርገው። ኔትወርክ ከሌለ በእጅህ በፈረንጅ ሙላው፤ ጠዋት 3:20 ማለት ለእሱ 9:20 ነው።

«ታዲያ የራሳችንን አቆጣጠር እንጣለው?» ማን ጣል አለህ? የባሕረ ሐሳብ አፕ ጫን፣ ግድግዳህ ላይም ስቀለው። የማሽኑን ሰዓት ብቻ ለማሽኑ ተውለት።

«ሞልቷል ይለኛል፤ እኔ ምንም አልጫንኩም።» ቴሌግራም ጭኖልሃል! የገባህበት ቻናል ቪዲዮ ሳትጠይቀው ሊወርድ ይችላል። በቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ በራሱ ማውረዱን አጥፋና ካሹን አጽዳ። መልእክትህ አይጠፋም፤ ፋይሉንም ቻናሉ ላይ እስካለ ድረስ ስትፈልገው መልሰህ ታወርደዋለህ።

«እኔም የሥራ አፑን ላጽዳው?» እንዳታደርጊው፣ እህቴ! የጤና ኤክስቴንሽኑ የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ኔትወርክ በሌለበት ይዞ፣ ሲገኝ የሚልክ ነው። ሳይላክ ዳታውን ክሊር ካልሽው፣ ቤት ለቤት ዞረሽ የመዘገብሻቸው እናቶችና ሕፃናት አብረው ይጠፋሉ። መጀመሪያ ሲንክ አድርጊ፤ መሄዱን አረጋግጪ፤ ሌላው ከዚያ ይደርሳል።

«ኢንተርኔት ሲጠፋስ ምን ያደርግልናል?» በ2015 ክረምት በክልላችን በአማራ የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ያየነው ነው፤ ስለዚህ ሲኖር አውርድ! ትምህርት ሚኒስቴር የአዲሱን ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍት በሶፍት ኮፒ አውጥቷል። አንዱ መምህር እንጅባራ ሲሄድ ካወረደው፣ በሚሞሪ ካርድ ለክፍሉ ሁሉ ይዳረሳል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ፣ ንብረት ክፍል ወደሚለው ልምጣ። «ተማሪዎቹ ያበላሹታል፤ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆለፍ።» ጋሼ፣ ልጅ ካበላሸው ይልቅ ቁልፍ የገደለው ይበዛል! የሊቲየም ባትሪ ባዶውን ለወራት ከተቀመጠ ላይነሳ ይችላል። መቆለፉ ግድ ከሆነ እንኳ ግማሽ ያህል ሞልቶ፣ ጠፍቶ፣ ሙቀት በሌለበት ይቀመጥ፤ በየሁለት ወሩም ወጥቶ ይሞላ። በፈረስ አገር ታስሮ የከረመ ፈረስ ምን እንደሚሆን ለአዊ ሰው አልነግርም።

በልጅ እጅ ስለመበላሸቱ ደግሞ ወንጪን ጠይቁ። በ2004 «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት ማንበብ ለማያውቁ የወንጪና የወለንጪቲ ልጆች ታብሌት በሳጥን እንደታሸገ፣ ያለ አስተማሪ ሰጠ። መሥራቹ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገሩት አንድ ልጅ በአራት ደቂቃ ሳጥኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ፤ በወራት ውስጥም እንዳይሠራ ተደርጎ የነበረውን ካሜራ ልጆቹ ራሳቸው ከፈቱት። የእኛ ልጅ ከእነሱ በምን ያንሳል? በ2016 የ12ኛ ክፍል ፈተና በከፊል በኦንላይን መሰጠት ጀምሯል። ስክሪን ለመጀመሪያ ጊዜ በፈተናው ቀን ይንካ?

«ፈርሜ ተረክቤዋለሁ፤ ቢጠፋ ከደመወዜ ነው።» ይህ እውነተኛ ጭንቀት ነው፤ አልስቅበትም። መላው ግን ቁልፍ አይደለም። መለያ ቁጥሩ ተጽፎ፣ ለማን እንደወጣና መቼ እንደሚመለስ ይመዝገብ። ሠራተኛ ሲዛወርም ዕቃውን ከማስረከቡ በፊት የጉግል አካውንቱን ከታብሌቱ ላይ ያውጣ። ይህ ሳይደረግ ፓስወርድ የጠፋበት ታብሌት ፎርማት ቢደረግ እንኳ የቀድሞውን ባለቤት አካውንት ይጠይቃል፤ ሰውየው ዳንግላ ተሻግሮ ስልኩ አይነሳም፣ ደህናው ታብሌት ተቆልፎ ይቀራል።

ጋሼ፣ የንብረት ክፍሉ ቁልፍ በእጅዎ ነው። በዚህ ሳምንት ቁም ሳጥኑን ይክፈቱና አንድ በአንድ ቻርጅ ላይ ይሰኳቸው። የተነሳውን በሞዴል 22 አውጥተው ለክፍሉ ኃላፊ መምህር ይስጡት። ያልተነሳውን እኔ ጋ ይላኩልኝ።