ኮሽ የማይለው ዶሮ፦ ፍርፋሪ ለባሽ የዶሮ ጥብስ በአዲስ አበባ ቤቶች ስለሚለሰልስበት ምክንያት የቀረበ ጥናት

የጥናቱ ዳራ

በአዲስ አበባ ቤቶች አንድ ጉዳይ እልባት ሳያገኝ ቆይቷል። ልጅ በስልኳ የምታየው የዶሮ ጥብስ ሲገመጥ ድምፁ ከወጥ ቤት ሳሎን ይሰማል፤ ያንኑ አይታ የሠራችው ግን ገበታ ላይ ሲቀርብ ትንፍሽ አይልም። ዱቄቱ ያው ፍርኖ ነው፤ ዕንቁላሉም ያው ዕንቁላል ነው፤ ዶሮውም በሕይወት ሳለ ሰፈር የሚቀሰቅስ ነበር። ጉዳዩ እስካሁን ያልተጠናው ቀላል ሆኖ አይደለም። እንግዳ ሁሉ «እጅሽ ይባረክ» እያለ ስለሚበላ አቤቱታ የሚያቀርብ ወገን አልተገኘም።

የጥናቱ ወሰን፣ ዱቄት፣ ዕንቁላልና የዳቦ ፍርፋሪ ለብሶ ቤት ውስጥ በዘይት የሚጠበሰው ዶሮ ብቻ ነው። የናሙና አመራረጡን በተመለከተ፣ አጥኚው የተጠራበትን ቤት ሁሉ ያለ አድልዎ አካቷል። ቃለ መጠይቁ የተካሄደው በምሳ ላይ በመሆኑ አንዳንድ ምላሾች ከጉርሻ ጋር ተውጠዋል።

የቀደሙ ሥራዎች ቅኝት

በዘርፉ ቀደምት የሚባሉት ቪየናና ሚላኖ ናቸው። ሁለቱም የጥጃ ሥጋ ፍርፋሪ አልብሰው ይጠብሳሉ፤ ማን ከማን እንደ ቀዳ ግን ዛሬም አልተስማሙም። የሚላኖው ኮቶሌታ ይባላል። ጣልያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችን ተቀምጦ ከተባረረ በኋላ ፓስታውም ኮቶሌታውም በአዲስ አበባ ምግብ ቤቶች ቀርተዋል። አርበኞች ያባረሩት ጦሩን እንጂ ምሳውን አልነበረም።

በአሜሪካ ደግሞ ሃርላንድ ሳንደርስ የተባሉ ሰው፣ ማዕረጉን ከኬንተኪ ግዛት በክብር የተቀበሉ ኮሎኔል፣ የዶሮ ጥብሳቸውን ስም ለሌሎች ማከራየት ጀመሩ። የመጀመሪያው ቤት እ.ኤ.አ. በ1952 ዩታ ግዛት፣ ሶልት ሌክ ሲቲ ተከፈተ። የኮሎኔሉ ምሥጢር 11 ቅመሞች ናቸው፤ ዝርዝሩም በካዝና ተቆልፎበታል። አጥኚው ለንጽጽር ያህል የአንድ ቤት በርበሬ ውስጥ የሚገባውን ቆጥሯል፦ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላ፣ ኮረሪማ፣ ጤና አዳም፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ አዝሙድ፣ ድንብላል፣ አብሽ፣ ቀረፋና ቅርንፉድ። በርበሬውን ሳይጨምር ከኮሎኔሉ ጋር እኩል ነው፤ በርበሬው ሲጨመር እንበልጣለን። እነሱ በካዝና የቆለፉትን እኛ ግቢ ውስጥ ሰፌድ ላይ አስጥተን፣ ዶሮ እንዳይለቅመው ሕፃን እናስጠብቃለን።

ስለ ቀለሙ የጻፈው ፈረንሳዊው ኬሚስት ሉዊ ካሚል ማያር ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 የፕሮቲን ክፍልፋዮችና ስኳር በሙቀት ሲገናኙ ቡናማ ቀለምና አዲስ ጣዕም እንደሚፈጥሩ አሳወቀ። እናቶቻችን ይህንኑ ክስተት «ቀላ፣ አውጪው» በሚል ባለ ሁለት ቃል ድርሳን ሲያስተምሩት ኖረዋል።

ግኝት አንድ፦ የውሃ ነገር

ዶሮ በእኛ ቤት በሎሚና በጨው ይታጠባል። መታጠቡ የሚቆመው ዶሮው ሲጠራ ሳይሆን አጣቢዋ ስታምን ነው። በአንድ ወጥ ቤት በተደረገ ምልከታ፣ የቤቱ ታላቅ ሴት ታፋውን አንስተው ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዙት።

«ይሄ ታጥቧል ትያለሽ? ደም አለው እኮ።»

«እትዬ፣ ቪዲዮው ላይ አያጥቡትም።»

«አያጥቡትም? ይበሏታላ!»

ክርክሩ በዚህ ተዘጋ። ልጅቷ ስልኳን አንስታ ቀጣዩን ደረጃ ስታይ ቆዳው ተገፎ አልቋል። ዶሮ ወጥ ላይ ቆዳ ስለማይገባ፣ እትዬ ስለ ቆዳው ማንንም ማማከር አላስፈለጋቸውም።

ሎሚውም እጥበቱም በራሱ ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ ዶሮው ውሃው ሳይንጠፈጠፍ ዱቄት ውስጥ መግባቱ ነው። ዱቄት እርጥብ ሥጋ ላይ ሲያርፍ ሊጥ ይሆናል፤ ሊጡም ዘይት ውስጥ ከሥጋው ተለይቶ ለብቻው ይጠበሳል። መፍትሔው ዶሮውን በንጹሕ ጨርቅ አድርቆ፣ ጨው ነስንሶ ፍሪጅ ውስጥ ሳይከድኑ ለጥቂት ሰዓት ማቆየት ወይም ማሳደር ነው። በአሜሪካ የደቡባዊ ግዛቶች ሰዎች ሥጋው እንዲለሰልስ አሬራ ውስጥ ይዘፈዝፉታል። አሬራ ከእኛ ቤት ጠፍቶ አያውቅም፤ ለዶሮ ይሆናል ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም።

የዶሮው ዘርም ታይቷል። የአበሻ ዶሮ ለሰዓታት ሽንኩርት ከሚቁላላበት ድስት ጋር የተጣጣመ ጡንቻ አለው፤ በሩብ ሰዓት ጥብስ እጁን አይሰጥም። ለዚህ ሥራ የሚሆነው የፈረንጅ ዶሮ ነው።

ግኝት ሁለት፦ የዕንቁላል ማዕረግና የቀኝ እጅ

በዶሮ ወጥ ላይ ዕንቁላል ሙሉ ሰው ነው። ተቀቅሎ፣ ተልጦ፣ በእንግዳ ልክ ተቆጥሮ ይቀርባል፤ አንድ ቢጎድል ቤቱ ያፍራል። እዚህ ግን ተመትቶ በዱቄትና በፍርፋሪ መሐል ሙጫ ሆኖ ያገለግላል። ይህ የማዕረግ መውረድ በአንዳንድ ቤቶች ተቃውሞ ገጥሞታል፦ «ዕንቁላሉ የት ሄደ?» የሚል እንግዳ ታይቷል።

አለባበሱ ሦስት ሳህን ይጠይቃል፦ ዱቄት፣ የተመታ ዕንቁላል፣ ፍርፋሪ። ፍርፋሪው የደረቀ ዳቦ በሙቀጫ ተወቅጦ፣ ወይም ፌስታል ውስጥ ተከትቶ በጠርሙስ ተዳምጦ ይዘጋጃል፤ የዕለቱ ዳቦ ግን ይጓጉላል። ዱቄቱ ላይ ትንሽ የበቆሎ ስታርች መጨመር ልባሱን ይበልጥ ያደርቀዋል። በርበሬና ሚጥሚጣ ሥጋው ላይ እንጂ ፍርፋሪው ላይ መግባት የለባቸውም፤ በጋለ ዘይት ቶሎ ይከስላሉ፣ ያመርራሉም።

የውጭ መመሪያዎች አንዱን እጅ ለደረቅ፣ ሌላውን ለእርጥብ እንድንለይ ያዛሉ። ምግብ በግራ እጅ መንካት ነውር በሆነበት አገር ይህ መመሪያ ተፈጻሚነት የለውም። ሥራው ሁሉ በቀኝ እጅ ይከናወናል፤ ሲያልቅም ከሁሉ ይበልጥ በሚገባ ፍርፋሪ ለብሶ የሚገኘው የሠሪዋ ቀኝ እጅ ነው።

የብልት ጉዳይም ቀላል አይደለም። ዶሮ ለ12 ብልት ተፈርዶበታል። ከዚህ ያነሰ ወይም የበዛ ቢሆን ሠሪዋን ሙያ የለሽ ያሰኛታል። ስለዚህ ክንፍ፣ አንገት፣ ታፋና ፈረሰኛ በአንድ መጥበሻ አብረው ይገባሉ፤ ክንፉ ሲከስል ታፋው ገና ደም አለው። መጠኑ እኩል የሆነውን ለይቶ በየተራ መጥበስ ያስፈልጋል፤ ሥጋው መብሰሉ የሚረጋገጠውም ውስጡ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ነው።

ግኝት ሦስት፦ ዘይት፣ መብራትና ከፍታ

በጥብስ ጊዜ የሚታየው አረፋ ከዶሮው የሚወጣው እንፋሎት እንጂ የዘይቱ መፍላት አይደለም። እንፋሎቱ ወደ ውጭ እስከ ገፋ ድረስ ልባሱ ይደርቃል፤ ዘይቱም ብዙ አይዘልቅም። ኮሽ የሚለው ይህ የደረቀው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። እርጥብ ሥጋ ከዚያ በላይ ስለማይግል፣ ውስጡ እስኪበስል ላዩ በዘይቱ ሙቀት ይቀላል። ባሕር ዳርቻ ላይ ሆነው «175 ዲግሪ» ብለው የጻፉልንን እንጦጦ ሥር ሆነን ስንከተል ላዩ ቀልቶ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ወደ 165 ዝቅ አድርጎ ጊዜውን ማርዘም ይበጃል። መለኪያ ለሌለው ቤት፣ አንዲት ፍርፋሪ ጣል ማድረግ በቂ ነው፦ ሰምጣ ከቀረች ዘይቱ ገና ነው፤ ወዲያው አረፋ አውጥታ ከተንሳፈፈች ደርሷል፤ ከጠቆረች አልፏል።

መጥበሻው በዶሮ ሲሞላ ዘይቱ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ጥቂት በጥቂት መጥበስ ግድ ነው። አጥኚው ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ሲገባ ተመልክቷል። ምክንያቱ ሲጠየቅ «መብራት ሳይሄድ» የሚል መልስ ተሰጥቷል። ይህ ምላሽ በሳይንስ ስሕተት፣ በአስተዳደር ግን ትክክል ነው።

ከጥብስ በኋላ የተረፈው ዘይት «የፍስክ» ተብሎ ለብቻው በጠርሙስ ይቀመጣል፤ የጾም መጥበሻም አጠገቡ አይደርስም። ረቡዕ ዓርብ ያንን ጠርሙስ በስሕተት የነካ ሰው የሚጠብቀው ምርመራ ከዚህ ጥናት ወሰን ውጭ ነው።

ግኝት አራት፦ ክዳን

እስካሁን የተዘረዘሩት ሁሉ የሚስተካከሉ ናቸው። ዋናው ግኝት ግን ዶሮው ከመጥበሻው በወጣ ጊዜ ኮሽ የሚል መሆኑ ነው። ለዚህም ምስክሮች አሉ። ወጥ ቤት በር ላይ የሚያደቡ ልጆች ትኩሱን ነጥቀው ሲሮጡ ድምፁ በግልጽ ተሰምቷል፤ ሠሪዋም «ጨው ልቅመስ» ብላ በቀመሰችው ላይ ተመሳሳይ ውጤት ተመዝግቧል። ልጆቹ «ሌቦች» ተብለው ተባርረዋል። በጥናቱ ትክክለኛውን ምግብ የበሉት እነርሱ ብቻ ናቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነው እንደሚከተለው ነው። ዶሮው ዘይቱን እንዲመጥ ሶፍት የተነጠፈበት ሳህን ላይ ይደረደራል፤ ከሥሩ የሚወጣው እንፋሎት መውጫ አጥቶ ይመለስበታል። ቀጥሎ «እንዳይበርድ» ተብሎ በክዳን ይዘጋል፤ አንዳንድ ቤት በፎጣም ይጠቀለላል። በክዳኑ ውስጠኛ ፊት ጠል ይቋጠርና ወደ ልባሱ ይንጠባጠባል። እንግዳው የተጠራው ለስድስት ሰዓት ነው፤ የሚደርሰው ለስምንት ሩብ ጉዳይ ነው። ከደረሰ በኋላ የእያንዳንዱ ቤተሰብ ጤና በተራ ይጠየቃል። እጅ ማስታጠብ አለ። ከዚያ የታላቁ ሰው ምርቃት አለ፤ ምርቃቱ ቤቱን፣ ልጆቹን፣ አገሩንና በውጭ ያሉትን ያካትታል። ከዚያም እንጀራው ይዘረጋል፤ ዶሮውም እርጥቡ እንጀራ ላይ ያርፋል። በመጨረሻ እንግዳው «በቃኝ» ይላል፤ ባለቤቷ «በሞቴ» ትላለች፤ እንግዳው ደግሞ ይግደረደራል። በዚህ ድርድር መሐል ከልባሱ የቀረው ድርቀት ያልፋል።

ከዚህ የሚወጣው ድምዳሜ ግልጽ ነው። የገበታ ሥርዓታችን በሙሉ የተቀረጸው ለዶሮ ወጥ ነው። ዶሮ ወጥ እንግዳ ይጠብቃል፤ ክዳን ይወዳል፤ ምርቃት አይጎዳውም፤ አድሮ ይጣፍጣል። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ብሂል የተነገረውም ስለ ወጡ ዕንቁላል መሆን አለበት፤ ፍርፋሪ ላይ የተለጠፈው ዕንቁላል ቀስ ካሉበት የትም አይሄድም። ፍርፋሪ ለባሹ ዶሮ ባለሙያዋን አይፈትንም። የሚፈትነው እንግዳውን ነው።

ምክረ ሐሳብ

አንደኛ፣ ከዘይት የወጣውን ዶሮ ሶፍት ላይ ሳይሆን ከሥሩ አየር በሚያሳልፍ ወንፊት ላይ ማሳረፍ። ሁለተኛ፣ በምንም ምክንያት አለመክደን፤ የበረደ ዶሮ ቢያንስ ድምፅ አለው። ሦስተኛ፣ ኮሪያውያን እንደሚያደርጉት ሁለት ጊዜ መጥበስ፦ መጀመሪያ እስኪበስል፣ ከዚያ እንግዳው ሲደርስ ሞቅ ባለ ዘይት ለአንድ ሁለት ደቂቃ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «መታጠፊያው ላይ ደርሻለሁ» የሚል የስልክ ጥሪ እንደ መድረስ አይቆጠርም። ሁለተኛው ጥብስ የሚጀመረው የእንግዳው ጫማ በር ላይ በዓይን ሲታይ ብቻ ነው። አራተኛ፣ ምርቃቱ ከጥብሱ በፊት እንዲደረግ የቤቱን ታላቅ በትሕትና ማስፈቀድ።

አንባቢ ሆይ፣ የዶሮ ጥብስ ከተጠራህ በሰዓቱ ድረስ፣ ሲሰጡህ አትግደርደር፣ ስለ ቤተሰቡ ጤና ከበላህ በኋላ ጠይቅ። ይህን አልችልም የምትል ከሆነ አስቀድመህ ተናገር፤ ዶሮ ወጥ ይሠራልሃል።