ውኃው በ100 ይፍላ!

መካነ ሰላም ላይ ውኃ ሕግ አያከብርም።

ከባሕር ወለል በላይ 2600 ሜትር ገደማ ላይ በተቀመጠችው በዚህች የደቡብ ወሎ ቦረና ከተማ ጀበና ስትጥዱ፣ ውኃው 91 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ያለ አንዳች ኀፍረት መንተክተክ ይጀምራል። 100ን አይጠብቅም። መማሪያ መጽሐፉን አላነበበም፣ ደብተር የለውም፣ ሚኒስቴር አይፈራም። ወደ ደንቆሮ ጫካ፣ ማለትም ዛሬ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ወደሚባለው ደጋ ስትወጡማ ይብስበታል፤ 3000 ሜትሩን ካለፋችሁ ከ90 በታች ይፈላል። ስሙ ደንቆሮ ይሁን እንጂ የአየር ግፊት ከፍታ ላይ እንደሚቀንስ ጫካው አሳምሮ ያውቃል። ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ ውኃው ትንሽ ይታረምና ወደ 96 ይጠጋል። በ100 የሚፈላው ጨዋ ውኃ ያለው ባሕር ዳርቻ ነው። ባሕሩ ደግሞ ከእጃችን ከወጣ ቆይቷል።

ፈተናው ግን 100 ይላል። ከአራቱ ምርጫዎች አንዱ 91 ቢሆን እንኳ እሱን ያጠቆረ ተማሪ ጥያቄውን ስቷል። በእርግጥ መጽሐፉ ላይ «በባሕር ወለል የአየር ግፊት» የምትል አንዲት ሐረግ አለች። ሾርት ኖት ሲዘጋጅ ቦታ ለመቆጠብ ሲባል ትወድቃለች፤ ሰሌዳውም ጠባብ ነው።

እንግዲህ ኃላፊነት የሚሰማው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በዚህ ጊዜ ምን ያድርግ? ልጆቹን ከውኃው ያርቃቸዋ! አስቡት፦ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ቴርሞሜትር ይዛ ድስት አጠገብ ብትቆም ምን ሊመጣ እንደሚችል።

«ቲቸር፣ 91 ላይ ቆመ።»

«ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል።»

«ሌላውም 91 ላይ ቆመ።»

ከዚህ በኋላ ያለው ጥፋት ነው። ልጅቱ «ለምን?» ትላለች። «ለምን» ደግሞ 40 ደቂቃ ይበላል። 40 ደቂቃ ከተበላ ቻፕተሩ አያልቅም፤ ቻፕተሩ ካላለቀ ሪፖርቱ አይሞላም። ስለዚህ አባቶቻችን፣ ማለቴ ርዕሳነ መምህራናችን፣ አንድ ብልሃት ዘየዱ፦ ቤተ ሙከራውን ቆለፉት።

ይህች ጽሑፍ ያንን ቁልፍ ለማመስገን የተጻፈች ናት። ቁልፉን የማመሰግነው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። እኔም ከእነዚህ ደጋዎች በአንዱ፣ በስም በማልጠራው ትምህርት ቤት፣ ፊዚክስን በሙሉ ንጽሕና ተምሬያለሁ፤ አንድም ዕቃ ሳልነካ። ቮልትሜትር ማለት በክብ ውስጥ የተጻፈ ቪ ነው። አምፖል ማለት በክብ ውስጥ ያለ ኤክስ ነው። ባትሪ ማለት አንድ ረዥምና አንድ አጭር መስመር ነው። በእነዚህ ሦስት ሥዕሎች ብቻ ከነጥብ በኋላ ሁለት ቤት ድረስ ኤሌክትሪክ አስልቻለሁ። ማታ ቤት ስገባ አባቴ የሬዲዮናቸው ባትሪ ድንጋይ ደክሞባቸው ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ አስጥተውት ይውሉና መልሰው ሲከቱት ድምፅ ይሰጥ ነበር። ለምን እንደሚሠራ ጠየቁኝ፤ የተማርኩት እኔ ነኝና። እኔም ረዥምና አጭር መስመር ሣልኩላቸው።

ቤተ ሙከራችንን ያየሁት በመስኮት ነው። ዕቃው አልነበረም እንዳትሉ፣ ነበር። ስፕሪንግ ባላንሱ ከነፕላስቲኩ፣ ሌንሱ በወረቀት እንደተጠቀለለ፣ ቤከሮቹ በቁመታቸው ተሰልፈው፣ ሁሉም የአቧራ ነጠላ ለብሰው በክብር ተቀምጠዋል። እነዚህ ዕቃዎች በሞዴል 19 ገቢ ሆነዋል። በሞዴል 22 ወጪ ካልሆኑ ከመደርደሪያ አይወርዱም። ወጪ ያደረገ መምህር ፈርሟል፤ የፈረመ መምህር የተሰበረውን ይከፍላል። ከዚህች ደመወዝ ላይ የቤከር ዋጋ ተቆርጦ የቦይልን ሕግ ለማሳየት የሚደፍር ጀግና ካለ ሐውልት ይገባዋል፤ ልጆቹ ግን ጤፍ መብላት አለባቸው። መምህሩን የምወቅስ መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። እሱም የተማረው በመስኮት እያየ ነው፤ ያልወረሰውን ከየት ያውርስ? በዚያ ላይ ከስድሳ በላይ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ውስጥ አንድ ስፕሪንግ ባላንስ ማዞር ሠርግ ላይ አንድ ብርሌ እንደማዞር ነው።

ክፍሉ ጭራሽ አይከፈትም ብዬ ግን አልዋሽም። ኢንስፔክሽን ሲመጣ ይከፈታል። ጠዋት ይጠረጋል፣ ቤከሮቹ ይታጠባሉ፣ አንድ ቤከር ውስጥ ቀለም ያለው ውኃ ይደረጋል (ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ግን ሳይንስ ይመስላል)። ከወንዶቹ ረዘም ያለ አንድ ልጅ ነጭ ካፖርት ለብሶ አጠገቡ ይቆማል። ፎቶ ይነሣል። ቅጹ ላይ «ቤተ ሙከራ፦ አለ» ተብሎ ምልክት ይደረጋል። እንግዶቹ ምሳ ሲሄዱ ካፖርቱ ታጥፎ ይቀመጣል፤ ልጁም ወደ ክፍል ተመልሶ «ሙከራ ምንድን ነው?» የሚለውን ትርጉም ይገለብጣል።

አገሪቱ በአንድ ወቅት ከዚህም የላቀ መፍትሔ አግኝታ ነበር። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት ቴሌቪዥን፣ በፕላዝማ፣ መሰጠት ጀመረ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተቀርጾ፣ በእንግሊዝኛ ተነግሮ፣ ሰማይ ደርሶ መጥቶ ተራራችን ላይ ይዘንባል። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ሠላሳ ያህሉ የስክሪኑ ነው፤ የእኛ መምህር ከፊትና ከኋላ የቀሩትን ጥቂት ደቂቃዎች ይጠብቃል፤ እንደ መጽሐፍ ሽፋን። ስክሪኑ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰኮንድ ዝም ይላል፣ ራሱ ይመልሳል፣ ይቀጥላል። የውኃ ሙከራውም፣ የኳስ ሙከራውም፣ የፔንዱለም ሙከራውም ሩቅ አገር ባለ ሰው እጅ ተሠርቶ አበቃ። እጅ አላቃጠልንም፣ ብርጭቆ አልሰበርንም፣ ከማንም ደመወዝ አልተቆረጠም። አንድ ቀን ኳስ ወደ ላይ ተወርውሮ ጫፍ ላይ እንደደረሰ መብራት ጠፋ። ለእኛ ክፍል ያ ኳስ እስከ ዛሬ አልወረደም።

ከዚያ ደግሞ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ ከሚገባው ተማሪ 70 በመቶው የተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይማር ተባለ። ከመቶው ሰባዎቹ ሮጠው ሳይንስ በር ላይ ደረሱ። በሩ ተቆልፏል።

የዚህን ዘዴ ፍሬ በቁጥር ላሳያችሁ፤ ያለ ቁጥር ፊዚክስ አይሆንምና። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ ሆነ፤ በዚያው ዓመት 1328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ደረስን። ይህ የሁሉም ትምህርት ድምር ነው፤ ፊዚክስን ለብቻዋ አልከስም። በእኛ በኩል ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ስንቱ ትምህርት ቤት በግጭት ምክንያት በሩን እንደዘጋ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ይህ በሽሙጥ የሚነገር ነገር አይደለም። እኔ የማወራው በሩ ክፍት በነበረባቸው ዓመታትም ስለተዘጋችው አንዲት ክፍል ነው።

ውጤቱ ሲወርድ ምን ተደረገ? ተጨማሪ ሞዴል ፈተና። ተጨማሪ ወርክሺት። የቅዳሜ ቱቶሪያል። ከብቱ ሣር አጥቶ ቢከሳ ደጋግሞ የመመዘን ዓይነት መፍትሔ ነው፤ ሚዛኑ ከእኛ ቤተ ሙከራ እንዳልወጣ ግን አረጋግጣለሁ።

እንዲያውም ሙከራ ለአገራችን አዲስ ነገር ቢሆን ኖሮ ይህ ጥንቃቄ ይገባኝ ነበር። ከእኛ በስተሰሜን ምሥራቅ መቅደላ አለች። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖል የሚባለውን መድፍ፣ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነውን ብረት፣ ከደብረ ታቦር አንሥተው የበሽሎ ወንዝን ገደል አስወርደውና አስወጥተው በ1860 ዓ.ም. መቅደላ አድርሰውታል። ወራት ፈጅቷል። መንገዱን ራሳቸው ንጉሡ ከሠራዊታቸው ጋር ድንጋይ እየፈነቀሉ ቀደዱት። ተዳፋት፣ ገመድ፣ ጉልበት፣ ሰበቃ፤ የዘጠነኛ ክፍል ሦስት ምዕራፍ በአንድ ዳገት ላይ። መድፉ አሁንም እዚያው ነው፤ መማሪያነቱ አልተቋረጠም።

አሁን ያንን ጉዞ በዛሬው ትምህርታችን አስቡት። የበሽሎ አፋፍ ላይ ሠራዊቱ ቆሟል። መድፉ ወደ ገደሉ እያዘነበለ ነው። አንዱ ጎበዝ ደብተሩን ያወጣና «ጃንሆይ፣ ሰበቃ የለም ብለን እንውሰድ» ይላል። ስሌቱ በሦስት መስመር ያልቃል፤ መድፉም ከነሠራዊቱ እንዲሁ።

ስሙን ከዚያው አምባ የወሰደው የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ዛሬ መካነ ሰላም ላይም ካምፓስ አለው። ከለጋምቦም ይሁን ከወግዲ፣ ከከለላም ይሁን ከሳይንት የወጣ ልጅ ዕድል ቀንቶት ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ስፕሪንግ ባላንስ በእጁ ይይዛል። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የዋናን ትርጉም ሲጽፍ ኖሮ ውኃ ያየ ሰው ሁኔታ ይታይበታል።

«በጀት የለም» ይባላል። እውነት ነው። ለዚህም ነው ድንጋይ በትምህርት ዕቃነት የማይታወቀው፤ በሞዴል 19 ገቢ አልሆነማ። አንድ ሜትር ሲባጎ ላይ ጠጠር አስሮ ቢያወዛውዙት 20 ጊዜ ሄዶ ለመመለስ 40 ሰኮንድ ያህል ይፈጃል፤ ከዚያ ላይ የመሬት ስበት 9.8 ገደማ ሆኖ ይወጣል። ፈተናው ደግሞ «10 ብላችሁ ውሰዱ» ይላል። ከጠጠርና ከፈተና ማን ይታመናል? ለቡሄ የሚጮኸው ጅራፍ ጫፉ ከድምፅ ፈጥኖ ነው የሚጮኸው፤ ግን ቡሄ ነሐሴ ላይ፣ ትምህርት መስከረም ላይ ነው፤ ካላንደሩ አይገጥምም። ገደል ማሚቶውም አለ፦ ከገደሉ ፊት 170 ሜትር ርቆ የጮኸ ልጅ ድምፁ በአንድ ሰኮንድ ይመለስለታል፤ በሞባይል ሰዓት ለክቶ የድምፅን ፍጥነት ያገኛል። በትምህርት ሰዓት መጮህ ግን ክልክል ነው። አረቄ የምታወጣዋ እናት አፉን በሊጥ ደፍና፣ እንፋሎቱን በመቃ አሳልፋ፣ በቀዝቃዛ ውኃ መልሳ ጠብታ ስታደርገው ልጇ ጓዳው ውስጥ ተቀምጦ «እንፋሎት ማለት...» እያለ ይሸመድዳል። ዝም በል፣ ሥራ አታስፈታኝ ትለዋለች። ልክ ናት።

ስለዚህ የሚከተለውን ደብዳቤ ለሚመለከተው አካል አርቅቄያለሁ።

«ጉዳዩ፦ የውኃን የመፍያ ነጥብ ስለማስተካከል። በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ወረዳዎች የሚገኝ ማንኛውም ውኃ ከመጪው መስከረም 1 ቀን ጀምሮ በ100 ዲግሪ ብቻ እንዲፈላ፣ ይህንን በማያደርግ ውኃ ላይ አስፈላጊው አስተዳደራዊ እርምጃ እንዲወሰድ በጥብቅ እናሳስባለን። ከሰላምታ ጋር። ግልባጭ፦ ለደንቆሮ ጫካ፤ ለዓባይ በረሃ፤ ለየቤቱ ጀበና።»

ማኅተም ብቻ ቀርቶታል። ማኅተሙ ያለበት መሳቢያ ቁልፍ ከቤተ ሙከራው ቁልፍ ጋር በአንድ ቀለበት ላይ ነው አሉ።

እናንተ ወላጆች፣ የሚቀጥለው የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ስብሰባ ሲጠራ አጀንዳው አጥር ወይም መዋጮ መሆኑ አይቀርም። አጥሩን እጠሩ፣ መዋጮውንም አዋጡ። ከዚያ «ልዩ ልዩ» የሚለው ላይ ሲደረስ አንድ ሰው እጁን ያውጣና ቤተ ሙከራው መጨረሻ የተከፈተው መቼ እንደሆነ፣ ቁልፉም ማን ኪስ ውስጥ እንዳለ ይጠይቅልኝ።